መሬቱ ላራሹ፤ እህሉስ ለማን?

ውድ የአገሬ ወጣቶች፣

ዛሬ ስለ እኩልነት ነው የማወራችሁ። መፈክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው፤ ከባለሀብቱ የተወሰደው የት ደረሰ?

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ዕድሜያቸው የእናንተ ነበር። ያኔ በተለይ በደቡብ፣ ጭሰኛው ካመረተው ላይ ሲሶውን፣ ሲብስም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የድሃው ኪራይ እስከ ግማሽ ወረደ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም ወገኖቼ! ደርግን ብንጠላም፣ ጭሰኛውን ቀና ያደረገውን አዋጅ መካድ ነውር ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላለቀም። ባለመሬቱ ሲሄድ መንግሥት በቦታው ቁጭ አለ። ገበሬው ይህን ያህል ኩንታል ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት አስገባ ተባለ። ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ራሱ ነው፤ ያውም ከገበያው በታች። ምርቱ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ አስረከበ። መሬቱን ራሱ ያከፋፍልበት ዘንድ የተቋቋመለት የገበሬ ማኅበርም ኮታ ሰብሳቢ ሆኖ ደጁ መጣ። የቀበሌው ቤትም ያው ነው፤ ኪራዩ ትንሽ፣ ጣሪያውን የሚያድስ ግን ጠፋ። ኮታው የተነሳው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚባለው ለዚህ ነው። ማንም «አስተካክላችኋለሁ» ብሎ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። የወሰድከውን ለማን ትሰጣለህ? የተሰጠው ሰው ያዝበታል ወይ? እምቢ ቢልስ ትሰማዋለህ? እኛም ስንደራጅ ይህንኑ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ያ ማኅበርም ሲጀመር የገበሬው ነበርና።

ዛሬ ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ከአዋጁ በፊት የነበረውንም፣ በኋላ የመጣውንም ይንገሯችሁ። አንዱን ነግሮ ሌላውን የሚደብቃችሁን ግን አትመኑ።