የታዳጊ ኃያላን ጥያቄና የጸጥታው ምክር ቤት በር



አንድ መንግሥት በሕዝብ ብዛት፣ በኢንዱስትሪና በጦር ኃይል ስለ ጐለበተ ብቻ በዓለም ሸንጎ ተገቢውን ሥፍራ ያገኛል ማለት አይደለም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2005 የተፈጸመው ጉዳይ በቂ ምስክር ነው።

በዚያ ዓመት ሕንድና ብራዚል ከጃፓንና ከጀርመን ጋር ተባብረው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ከ15 ወደ 25 አባላት እንዲሰፋ ጠየቁ። ከሚጨመሩት ስድስት ቋሚ መቀመጫዎች አራቱ ለጠያቂዎቹ፣ ሁለቱ ለአፍሪቃ የታሰቡ ነበሩ። ይሁን እንጂ ረቂቁ ለድምፅ እንኳ ሳይቀርብ ቀረ።

የመጀመሪያው መሰናክል ሕግ ነው። ቻርተሩ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲፈረም ሕንድ ገና በብሪታንያ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ከአፍሪቃም የፈረሙት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪቃ ብቻ ነበሩ። አንቀጽ 108 እንደሚደነግገው፣ ማናቸውም ማሻሻያ ከአባል መንግሥታት የሁለት ሦስተኛውን ድምፅና የአምስቱን ቋሚ አባላት ሁሉ ማጽደቅ ይሻል። ስለዚህ የበሩ ቁልፍ ያለው ቀድመው በገቡት እጅ ነው።

ሁለተኛውና የከበደው መሰናክል ግን ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ተገልብጦ ይገኛል። ሕንድን ፓኪስታን፣ ብራዚልን አርጀንቲናና ሜክሲኮ፣ ጀርመንን ኢጣሊያ፣ ጃፓንን ደቡብ ኮርያ ተቃወሙ። አጠገብ ያለው መንግሥት የጎረቤቱን ከፍታ እንደ ራሱ ዝቅታ ቈጥሮታልና።

ጉዳዩ አዲስ አበባም ደርሶ ነበር። በሐምሌ ወር 1997 ዓ.ም. ተሰብስበው የነበሩት የአፍሪቃ ኅብረት መሪዎች፣ ድምፅን በድምፅ የመሻር ሥልጣን የሌለውን መቀመጫ አንቀበልም በሚለው አቋማቸው ጸኑ። ያለ አፍሪቃ ድምፅ ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን ማግኘት የሚቻል አልነበረም። አቋሙ በፍትሕ ሚዛን ሲታይ ትክክል ነው፤ አንዱ ቋሚ አባል ሥልጣን ይዞ ሌላው ባዶ እጁን የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ዋጋው ግን ቀላል አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አሜሪካ ለአፍሪቃ ሁለት ቋሚ መቀመጫዎች እንዲሰጡ እንደምትደግፍ አስታወቀች፤ የመሻር ሥልጣኑን ግን አልጨመረችም። የቀድሞው ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሥልጣኑ ቢፈቀድ እንኳ በሁለቱ ወንበሮች ማን ይቀመጥ? ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪቃና ግብፅ ዘወትር ይጠቀሳሉ፤ ወንበሮቹ ግን ሁለት ናቸው። ሕንድንና ብራዚልን የገጠማቸው የጎረቤት ቅሬታ አፍሪቃንም ይጠብቃታል። ይህን በቤቷ ውስጥ አስቀድማ ካልፈታች፣ በሩ በተከፈተ ጊዜ በደጃፉ ላይ ስትከራከር መገኘቷ አይቀርም።