የገና ሊጥ በጎባ

ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ከሳነቴ አምባ የሚወርደው የታኅሣሥ ብርድ ጎባ ላይ ሣሩን በውርጭ አንጥቶ ያድራል። ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ የሚነጋልን እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመው ያድራሉ፤ ሕፃናት ግን በዓሉን የሚያውቁት በአፍንጫቸው ነው፣ በኮባ ተሸፍኖ ከሚጋገረው ድፎ ዳቦ። ዱቄቱ የሮቤ ስንዴ ነው።

በዚህ ብርድ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም። ስለዚህ ጋቢ ደረብኩበት። የአራት ዓመቷ ልጄ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «እማዬ፣ እየተነፈሰ ነው!» አለችኝ። ሙስሊም ጎረቤታችን በረመዳን ሳምቡሳ የላኩበት ሳህን እኛው ጋ ነው። ዘንድሮ በዚያው ሳህን ዳቦውን ይዛላቸው የምትሄደው ልጄ ናት፤ በሁለት እጇ።