ቁስለኛው የት ገባ?
በኑኑ ቁምባ የድሮን ጥቃት ሰለባዎች አመዘጋገብ ዐውደ ጥናት ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር



 

የዐውደ ጥናቱ ርዕስ ድሮን በሲቪሎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መከታተልና መመዝገብ ነው። ርዕሱ ለወለጋ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በምዕራብ ወለጋ ቢላ ስለደረሰው የአየር ጥቃት ነዋሪዎች ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን በድሮን ተመትተው 8 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። መንግሥት ድሮን የሚጠቀመው በታጣቂዎች ላይ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። የተመታው ማን ነበር የሚለው ክርክር ግን በመግለጫ አይዘጋም። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና ቦታ ተለይቶ የተጻፈበት መዝገብ ያስፈልገዋል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ያወጣው አንድ አኃዝ መዝጋቢን ሁሉ ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ በድሮን ጥቃት 248 ሲቪሎች ሲገደሉ የቆሰሉት 55 ናቸው ይላል። በጦርነት ዘወትር ከሟች ይልቅ ቁስለኛ ይበዛል። ይኸው ቢሮ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. እስከ የካቲት ባሉት ወራት በትግራይ በአየር ድብደባ የተጎዱትን ሲቆጥር 304 ሟችና 373 ቁስለኛ አግኝቶ ነበር። ታዲያ በ2015/16ቱ ቆጠራ ቁስለኛው የት ገባ? የመሣሪያው ገዳይነት የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ብዙ ቁስለኛ ሳይቆጠር ቀርቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ስብርባሪ ሥጋው ውስጥ የቀረ ሰው «ከየት መጣህ?» መባልን ፈርቶ ቤቱ ከተኛ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ቁስለኛን ካልተከታተሉት የሟቹም ቁጥር ይሳሳታል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በገና ዕለት በትግራይ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ በአየር ሲመታ መጀመሪያ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 56 ነበር። ከቀናት በኋላ በጽኑ ከቆሰሉት መካከል 3ቱ ሐኪም ቤት ውስጥ አረፉና ቁጥሩ 59 ደረሰ። እነዚያ 3 ሰዎች የተቆጠሩት የሚጠይቅላቸው ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጉዳይ በሰፊው መነሳት አለበት። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞትን ጨምሮ ወሳኝ ኩነቶች እንዲመዘገቡ ያዝዛል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። በመዝጋቢዎች ላይ ወቀሳ ይበዛል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ግን አንድ የኑኑ ቁምባ ገበሬ ቆስሎ ነቀምቴ ሆስፒታል ቢያርፍ ምን እንደሚሆን እናስብ። ሆስፒታሉ የካርድ ቁጥር አለው፤ ቀበሌው የቤት ቁጥር አለው፤ ዕድሩ የቀብር ወጪ የተጻፈበት ደብተር አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የቀበረበትን ቀን ያውቃል። አራቱ ካልተገናኙ አንድ ሰው አንዴ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ አንዴ ጭራሹኑ ይቀራል። በቁቤ የተጻፈ ስም በአማርኛ ሲገለበጥ፣ የክርስትና ስም ከቤት ስም ጋር ሲምታታ ችግሩ ይብሳል። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «በድንገተኛ አደጋ» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ሰውየው በምን እንደሞተ ለዘለዓለም ተሰወረ ማለት ነው። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። የሞት ምስክር ወረቀት የሌላት ሚስት የባሏን መሬት በስሟ ለማዞር፣ ጡረታ ካለውም ለመጠየቅ ትቸገራለች። የአባቱ ሞት ያልተመዘገበለት ልጅ ነገ ካሣ ቢፈቀድ እንኳ ማስረጃ አያቀርብም።

የግንኙነት መቋረጥም ሊታለፍ አይገባም። ከ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር መጨረሻ እስከ መጋቢት በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ በምሥራቅ ወለጋ ደግሞ ስልክ በትልልቅ ከተሞች ብቻ ይሠራ እንደነበር አይዘነጋም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀረው በእጅ የተጻፈ ደብተር ነው። ደብተሩ ውኃ የማይነካው ቦታ ይቀመጥ፤ ግልባጩ በሌላ ሰው እጅ ይሁን።

ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነቶችን ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተቀብላለች። ፕሮቶኮሉ በአገር ውስጥ ግጭት ሲቪሎች የጥቃት ዒላማ እንዳይሆኑ ይከለክላል፤ ቁስለኞችና ሙታን እንዲፈለጉም ያዝዛል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ የሚመዘግብ ሰው ከማንም ጎን አልቆመም፤ ሕግ የሚጠይቀውን እየሠራ ነው።

ስለ አሠራሩ የሕክምናና የሕግ ባለሙያዎች በዝርዝር ያስረዳሉ። ሁለት ነገር ግን ከወዲሁ ይነገር። የጥይትና የቦምብ ስብርባሪ በእጅ አይነካም፤ ያልፈነዳ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ፎቶ ይነሳ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቀበሌው ይጻፍ። ሁለተኛው፣ የቁስለኛና የምስክር ስም፣ ፊትና ስልክ ፌስቡክ ላይ አይወጣም። እውነቱን የተናገረ ሰው በመናገሩ እንዳይጎዳ መጠበቅ የመዝጋቢው ግዴታ ነው።

ከዚህ ዐውደ ጥናት የጋራ ግንዛቤ እንዲፈጠር፣ በጤና ተቋማት፣ በቀበሌዎችና በዕድሮች መካከል ቅንጅት እንዲጠናከር፣ ወጥ የሆነ አሠራርም እንዲዘረጋ ይጠበቃል። ቢያንስ ቢያንስ ጥቃት ከደረሰ በኋላ በአርባኛው ቀን ወደ ቁስለኞቹ ቤት ተመልሶ መጠየቅ ልማድ ቢሆን ብዙ ነው።

 ዐውደ ጥናቱ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ በይፋ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በቅጹ አሞላል ላይ ነው፤ ለልምምድ የሚቀርቡት መዝገቦች የእውነተኛ ሰዎች ስለሆኑ ስማቸው ተሸፍኗል፣ በአዳራሹም ጮክ ተብለው አይነበቡም።