መቅጃው አጥርቶ ሲሰማ

(በእንፍራንዝ በተደረገው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያችን የማይርቅ፣ ግን ስለ መድኃኒት ያልሆነ ነገር ንገሪን» ስላሉኝ ስለ ደኅንነት ካሜራ መቅጃ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ። ዛሬ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ስንቱ ፋርማሲና ክሊኒክ ካሜራ ሰቅሏል። ምስሉ ጥርት ይላል፤ ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

እኛ ዘንድ ወጣት ባለሙያዎች ከታካሚ ጋር መነጋገርን የሚለማመዱበት ክፍል አለ። አንዱ ሐኪም፣ ሌላው ታካሚ ይሆናል፤ ከዚያ ቅጂውን አብረን እናያለን። ችግሩ «ሠራሁ» ያለውና «ፈራሁ» ያለው አለመለየቱ ነበር። ታካሚ «ፈራሁ» ሲል ካልሰማነው ደግሞ ምኑን ሐኪም ሆንነው?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ መቅጃዎች ድምፅን የሚቀዱት በቴሌፎን ልክ፣ በሰከንድ 8,000 ናሙና እየወሰዱ ነው። በዚህ አሠራር ከናሙናው ግማሽ፣ ማለትም ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ይቀራል። የ«ሰ» ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ከዚያ በላይ ነው። እሱ ሲቆረጥ «ሰ» እና «ፈ» ይመሳሰላሉ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ማዳመጫውን ከፈለሰፈ ወዲህ፣ ወፍራሙን ድምፅ በደወሉ፣ ቀጭኑን በስስ ሽፋኑ በኩል እንደምንሰማ ተምረናል። መሣሪያው ያላሳለፈውን ጆሮ አይሰማውም።

ኤሌክትሮኒክስ የተማረ አንድ ወንድማችን መቅጃውን ከፍቶ አየልን። ቺፑ ከ8,000 በላይ መቅዳት ይችላል፤ የገደበው ፈርምዌሩ፣ ማለትም በመሣሪያው ውስጥ ተጽፎ የሚኖረው ፕሮግራም ነው። ልጁ ከሁሉ በፊት የነበረውን ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ አስቀመጠ። ቀጥሎ ናሙናውን ወደ 16,000 ከፍ አደረገ። የድምፅ ማመቂያውንም አብሮ ለወጠ፤ ጂ.711 የሚባለው የቴሌፎን ማመቂያ የተሠራው ለ8,000 ነውና። አዲሱን ሲጭን መቅጃውን ከዩፒኤስ ጋር አገናኝቶ ነበር። መብራት በመሐል ቢጠፋ መሣሪያው ሞቶ ይቀራል፤ የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የማስቀመጫ ቦታ አላስጨነቀንም፤ ከምስሉ ጋር ሲነጻጸር ድምፅ የሚይዘው ኢምንት ነው።

ለውጡ ተሰማ። «ሰ» እና «ፈ» ተለያዩ። ሆኖም የጣሪያው ማራገቢያም አብሮ ጎላ። ማይክሮፎኑን ከማራገቢያው አርቀን ወደ ጠረጴዛው ስናቀርበው ደግሞ ሌላ መሻሻል አየን። ማይክሮፎኑ ያልያዘውን ድምፅ የትኛውም ፈርምዌር አይፈጥረውም።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ድምፁ እንደ ጠራ ጥያቄ መጣ፦ «በምርመራ ክፍሉም ይከፈትልን፤ ጭቅጭቅ ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል።» ጠያቂዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ሐኪም በቤተሰብ ቁጣ ሲደበደብ ያየ ሰው ማስረጃ ቢፈልግ አይፈረድበትም። እኔ ግን አይሆንም አልኩ፤ ዛሬም አይሆንም እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጉዛራ ወጥተን ነበር። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዘመን ለነገሡት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል የሚሰጥ ነው። ከዚያ ሆነን ሜዳውንም ጣናንም አየን። ከታች ከብት የሚጠብቁትን ልጆች አየናቸው እንጂ የሚያወሩትን አልሰማንም። ማየትና መስማት ለየቅል ናቸው። በር ላይ ያለ ካሜራ ማን እንደገባ ያያል፤ ምርመራ ክፍል ያለ ማይክሮፎን ግን አንዲት ሴት ለባሏ ያልነገረችውን ይሰማል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ስለ ሰው የሚወራውን ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል፤ እሷም ምሥጢሯ መውጣቱን የምታውቀው አገር ከሰማው በኋላ ነው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ደግሞስ መቅጃው ራሱ ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው የተተዉ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ወሯል። ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘ መቅጃ ለባለቤቱ ብቻ ላይታዘዝ ይችላል።

ስለዚህ ወደየሥራ ቦታችሁ ስትመለሱ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። የካሜራችሁ ድምፅ ክፍት መሆኑን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የለም። በምርመራ፣ በምክርና በማዋለጃ ክፍል ካለ አዘጉት። ለትምህርት የምትቀዱ ከሆነ አስፈቅዱ፣ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ለውጡ፣ ከኢንተርኔት አላቁት፣ የሚጠፋበትንም ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ። ድምፁን ማጥራት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ስንመረቅ የታካሚን ምሥጢር ልንጠብቅ ቃል ገብተናል። ያን ጊዜ የምንጠብቀው አፋችንን ብቻ ነበር። ዛሬ የምንሰቅለውም መሣሪያ የእኛ አፍ ነው።