የጅሬን ግቢና የክረምት ውሃ



ስለ አንድ ቤተ መንግሥት እድሳት እንድናገር ተጋብዤ ስለ ግቢው መናገሬን በቅድሚያ ይቅር በሉልኝ። በመፀው፣ በማናና በአጋሮ በኩል የቡናው ለቀማ በተጀመረበት ሰሞን፣ ከጅማ ከተማ በላይ በጅሬን ኮረብታ ላይ የሚገኘውንና በቅርብ ዓመታት የታደሰውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ግቢ ጐበኘሁ። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ፣ ለምኒልክም በሰላም በመገበራቸው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው የኖሩ ንጉሥ ናቸው።

ጐብኚው ሁሉ ሽቅብ፣ ወደ ሰገነቱና ወደ እንጨት ሥራው ይመለከታል። እኔ ግን፣ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ፣ ቁልቁል የምሰሶውን እግር አየሁ። በጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል። የእንጨትና የጭቃ ቤት ጠላቱ በጣሪያው ላይ የሚወርደው ሳይሆን ከእግሩ ሥር የሚቋጠረው ውሃ ነው። ስለዚህ የግቢው ተዳፋት፣ ቦዩ፣ ጭቃ ወደ ግድግዳ እንዳይረጭ የሚያግደው ሣርና የዛፎቹ ርቀት ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የቤቱ አካል ናቸው።

ይህን የተማርሁት በዩኒቨርሲቲ አይደለም። በተመረቅሁ ማግሥት አጋሮ አጠገብ የሚገኘውን የአያቴን ቤት «ላድስ» ብዬ የጭቃውን ግድግዳ ከግርጌው በሲሚንቶ ለሰንሁ፤ አትክልቱን ነቅዬም ደጁን እስከ ግድግዳው ድረስ በኮንክሪት ሸፈንሁ። ጐረቤት ሁሉ አመሰገነኝ። በሦስተኛው ክረምት የበሩን መቃን በጣቴ ብጫነው ፈረሰ። ሲሚንቶው እርጥበቱ ከመሬት እንዳይወጣ አላገደም፤ ግድግዳው ተንፍሶ እንዳይደርቅ ግን አግዷል። አያቴ አልተቆጡኝም። «ለቡናው ጤና አዳሙም አብሮ ሄደ» ብቻ አሉ።

በጅሬን ሳለሁ አንድ አትክልተኛ የወደቀ ቅጠል ሲጠርግ አይቼ ቆምሁ። ለጣሪያ፣ ለቀለም፣ ለእንጨት በእድሳት ውላችን ውስጥ ዋጋ እናወጣለን። ለዚህ ሰውዬ መጥረጊያ የምናወጣው ዋጋ ግን የለም፤ ሥራችን በምረቃው ዕለት ያበቃል፤ ክረምቱ ግን ሪባን ከተቆረጠ በኋላም ይመጣል።

ስለዚህ ማንኛውም የማኅበራችን አባል ለጥንታዊ ቤት እድሳት ሰነድ ሲያዘጋጅ፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ቦይ የሚጠረግበትንና በግንቦት የምሰሶ እግር የሚመረመርበትን ወጪ ቢያንስ ለዐሥር ዓመት እንዲያካትት ሐሳብ አቀርባለሁ። የአያቴን መቃን በራሴ ኪሳራ ለውጫለሁ፤ ጤና አዳሙንም እንደገና ተክያለሁ።