በሁለት ወንበር መካከል፦ የአካባቢ ተመራጮች በጋራ የትራንስፖርት ቦርድ ላይ

(ለፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በመጠኑ የታረመ)



የዛሬው ርእሴ አዳራሽ የሚያስሞላ አይመስልም። «የቦርድ አባልነት» የሚለውን ሐረግ ሲሰማ እንቅልፍ የሚጫነው ሰው ብዙ ነው፤ በኋለኛው ረድፍ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ ቀድማችሁ ጀምራችኋል። ቢሆንም ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከስሙ ይልቅ ሕያው ነው።

አንድ ሰው በከተማው ሕዝብ ተመርጦ የምክር ቤት አባል ይሆናል እንበል። በዚያው ወንበሩ ምክንያት፣ ከከተማው ወሰን አልፎ ጎረቤቶቹን ጭምር የሚያገለግል የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅት ቦርድ ላይ ይሰየማል። ጠዋት የከተማውን በጀት ሲጠብቅ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ከዚያው በጀት ገንዘብ የሚጠይቀውን ድርጅት ይመራል። ጠያቂውም ተጠያቂውም እርሱ ነው። ይህ ሰው የሚያድረው ለማን ነው? ለመረጠው ሰፈር ወይስ ባቡሩ ለሚያልፍባቸው ሰፈሮች ሁሉ?

ጥያቄውን በአየር ላይ እንዳንተወው የዋሽንግተንን ሜትሮ ምሳሌ መርጫለሁ። አንደኛው ምክንያቴ ሥርዓቱ ፌዴራሊዝምን በመጽሐፍ ብቻ ለተማርን ሰዎች እጅግ አስተማሪ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ እኅት፣ ወንድም ወይም አክስት በዚያ ከተማና በዙሪያው የሌለው ሰው ጥቂት ስለ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የምናገረው ስለ ባዕድ ባቡር ብቻ አይደለም።

የዋሽንግተን ሜትሮፖሊታን አካባቢ ትራንዚት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። የወለደው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና የኮሎምቢያ ዲስትሪክት በኮንግረስ ፈቃድ የተዋዋሉት የጋራ ስምምነት ነው። በ1973 አራት የግል አውቶቡስ ኩባንያዎችን ገዝቶ ወደ አንድ አመጣ፤ ማርች 27 ቀን 1976 የመጀመሪያው ባቡር በአምስት ጣቢያዎች መካከል መመላለስ ጀመረ። ዛሬ ስድስት መስመሮችና 98 ጣቢያዎች አሉት።

ቦርዱ ስምንት ድምፅ ሰጪ አባላት አሉት፤ ከሜሪላንድ ሁለት፣ ከቨርጂኒያ ሁለት፣ ከዲስትሪክቱ ሁለት፣ ከፌዴራል መንግሥት ሁለት። የፌዴራሎቹ የመጡት ዘግይተው ነው፤ በ2008 ኮንግረስ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚሰጥ 1.5 ቢሊዮን ዶላር በፈቀደበት ሕግ ምክንያት። ገንዘብ ያመጣ ወንበር ያገኛል፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ዋናው ሕግ ግን ሌላ ነው። ውሳኔ የሚጸናው አብዛኛው ድምፅ ሲደግፈው ብቻ ሳይሆን ከሦስቱ ፈራሚዎች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ድምፅ ሲገኝበት ነው። ስለዚህ የአንድ ወገን ተወካዮች ከተባበሩ የቀሩትን ሁሉ ፈቃድ ሊያስቆሙ ይችላሉ። ይህ መብት በተግባር ከሚውልበት ጊዜ ይልቅ የሚታሰብበት ጊዜ ይበዛል። በስብሰባው ላይ ሳይነሣ እንኳ ከስብሰባው በፊት በሚደረገው የስልክ ንግግር ውስጥ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ኪስ እንግባ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ስምንቱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡም የሚከፍሉት ከአንድ ዓይነት ኪስ አይደለም። በሜሪላንድ በኩል ድጎማውን የሚከፍለው የክልሉ መንግሥት ነው፤ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ድርሻ ከክልሉ ካዝና ይወጣል። በዲስትሪክቱ ከተማውም ክልሉም አንድ አካል ስለሆነ ከንቲባውና ምክር ቤቱ ይከፍላሉ። በቨርጂኒያ ግን ክልሉ ቢያግዝም ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያና ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው ተከፋዮች ናቸው። በ1964 በተቋቋመው የሰሜን ቨርጂኒያ የትራንስፖርት ኮሚሽን አማካይነት ወደ ሜትሮ ቦርድ የሚላኩት ተመራጮች የእነዚህ ካውንቲዎችና ከተሞች ምክር ቤት አባላት ናቸው። ስለዚህ አንድ የቨርጂኒያ ተወካይ ለተጨማሪ ባቡር እጁን ሲያነሣ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቤት ግብርን የሚነካ ነገር እያጸደቀ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው የሜሪላንድ ሰው ለዚያው ባቡር ሲያጸድቅ ይህን ያህል አይቆነጥጠውም። ወንበሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመሙ ግን ይለያያል።

መዋጮው የሚደለደልበት ቀመርም የራሱ ጠባይ አለው። የባቡሩ ድጎማ ለረጅም ዓመታት ሲከፋፈል የኖረው በሦስት እኩል መመዘኛዎች ነው፦ በሕዝብ ብዛትና ጥግግት፣ በነዋሪዎች የጉዞ ብዛት፣ በጣቢያዎች ቁጥር። የኛ እድር እኩል መዋጮ ነው፤ ሀብታሙም ድሃውም ያንኑ ይከፍላል፣ ድንኳኑም ለሁሉም ያው ነው። የሜትሮው እድር እንዲህ አይደለም። ጣቢያ ማግኘት ሀብት ነው፣ መሬት ያስወድዳል፣ ንግድ ያመጣል፤ በቀመሩ ውስጥ ግን ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። የኛው አየር መንገድ በሚያርፍበት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አልፎ የሚሄደው መስመር ወደ ላውደን ካውንቲ እንዲዘልቅ ሲታሰብ፣ የካውንቲው ምክር ቤት በ2012 በፕሮጀክቱ ለመቆየት የወሰነው 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ነበር። ባቡሩ አሽበርን የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በኖቬምበር 2022 ነው። በዚያ ድምፅ አሰጣጥ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ የመስመሩ መጨረሻ ሌላ ቦታ ይሆን ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ገንዘብ ነው። አሁን ወደሚከብደው ልለፍ።

ጁን 22 ቀን 2009 በፎርት ቶተን ጣቢያ አጠገብ አንድ ባቡር ከፊቱ ቆሞ የነበረውን ባቡር ከኋላ ገጨው። የገጪውን ባቡር አሽከርካሪ ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በሐዲዱ ላይ ባቡር መኖሩን የሚያውቀው የኤሌክትሪክ መሣሪያ መሳቱ ነው፤ የቆመው ባቡር ለሥርዓቱ ጭራሽ አልታየውም። ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በሮዝሊን አጠገብ ባቡሮች ሊጋጩ ለጥቂት ተርፈው ነበር። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያጋልጥ የተሻለ የፍተሻ ዘዴ አዘጋጅተዋል። ዘዴው በወረቀት ላይ ነበር፤ የዕለት ሥራ ግን አልሆነም። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2010 ባወጣው ዘገባ ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል የሜትሮ ቦርድ የደኅንነት ቁጥጥር ውጤታማ አለመሆኑን ቆጥሯል።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በዚህ አንቀጽ ላይ አቆማቸዋለሁ። እነዚህ የቦርድ አባላት ሰነፎች አልነበሩም። የመረጣቸው ሕዝብ የሚጠይቃቸውን ያውቁ ነበር፦ ታሪፉን፣ የአውቶቡስ መስመሩን፣ የተበላሸውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ የመኪና ማቆሚያውን ዋጋ። ስለ ሐዲድ መሣሪያ የሚጠይቅ መራጭ ግን የለም። የፍተሻ ዘዴ በዕለታዊ ሥራ አለመካተቱ በየትኛውም ሰፈር ምርጫ አያሸንፍም፣ አያሸንፍበትምም። ከቤት የመጣው ወንበር ስለዚያ አልጠየቀም፤ የጋራው ወንበር ደግሞ መጠየቅ የሚገባው ሰው አልነበረውም። ዘጠኙ ሰዎች የሞቱት በሁለቱ ወንበሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስለዚህ «ፖለቲከኞቹ ይነሡ፣ ባለሙያ ይቀመጥ» የሚለው ድምፅ በረታ። የቨርጂኒያ ገዥ የቀድሞውን የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሬይ ላሁድን ጥናት እንዲያካሂዱ ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም በ2017 ባቀረቡት ዘገባ ቦርዱ ለጊዜው ወደ አምስት ባለሙያዎች እንዲቀንስ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ አልጸደቀም። በ2018 የጸደቀው ከዚህ ያነሰና ከዚህ የበለጠ ነገር ነው፤ ሦስቱ ወገኖች በጋራ በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ዶላር ለካፒታል ወጪ ለመመደብ ሕግ አወጡ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ዓመታዊው የሥራ ማስኬጃ ድጎማ ከሦስት በመቶ በላይ እንዳያድግና ተለዋጭ አባላት በስብሰባ ላይ እንዳይሳተፉ የሚያስገድድ ቅድመ ሁኔታ አኖረች። ያ የሦስት በመቶ ገደብ ከወረርሽኙ በኋላ ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር ታየ፤ ድርጅቱ ለ2025 በጀት ዓመት የ750 ሚሊዮን ዶላር ጉድለት እንደሚጠብቀው ባስታወቀ ጊዜ።

እኔ ከላሁድ ሐሳብ ጋር አልስማማም፤ ምክንያቴን በሌላ ክርክር ላሳይ። በ2016 መጨረሻ ቦርዱ የሌሊቱን አገልግሎት እንዲያሳጥር ተጠየቀ። ቀድሞ በሥራ ቀናት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራ ነበር። የጥያቄው ምክንያት ጠንካራ ነው፤ ሐዲድ የሚጠገነው ባቡር ሲቆም ነው፣ ፎርት ቶተንን ያየ ሰው ለጥገና የሚሆን ሰዓት አይነፍግም። የዲስትሪክቱ ተወካዮች ግን ተቃወሙ። የሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋ፣ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ፣ የመኪና ማቆሚያው ገንዘብ ተቀባይ ሥራ የሚጨርሱት በዚያ ሰዓት ነውና። ከእነዚህ መካከል የኛ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያድራሉ፣ በከተማው ውስጥ ይሠራሉ። (በዚያው ቤት ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ባል ካለ ደግሞ ባቡሩ ቀደም ብሎ መቆሙ ለእርሱ ገበያ ነው። የጋራ ጥቅም በአንድ ማዕድ ዙሪያ እንኳ ቀላል አይደለም።) በመጨረሻ ሰዓቱ አጠረ፤ በሥራ ቀናት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል፣ በዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት። ነገር ግን ለሁለት ዓመት ብቻ ተብሎ ተወሰነ። ያ የጊዜ ገደብ የመጣው አንድ ወገን ስለ ከተማው የሌሊት ሠራተኛ ስለ ተከራከረ ነው። አምስት ባለሙያዎች ቢሆኑ የጥገናውን ሠንጠረዥ በትክክል ያነቡ ነበር፤ ያችን የሆቴል ሠራተኛ የሚያውቃት ግን ስልኳን ተቀብሎ መልስ መስጠት ያለበት የምክር ቤት አባል ነው።

ስለዚህ የምከራከረው እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ወንበሩን ሰው ማስወገድ ስሕተት ነው፤ ገንዘቡን ሊያመጣ የሚችለው፣ ለሰፈሩም ሊመልስ የሚገባው እርሱ ብቻ ነውና። የጎደለው ግዴታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሄዱ ነው። የካውንቲው ተወካይ የካውንቲውን ጉዳይ ወደ ሜትሮ ቦርድ ይዞ ይሄዳል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። የሜትሮውን ጉዳይ ግን፣ ለምሳሌ ያልተሠራውን ፍተሻና የተላለፈውን ጥገና፣ ወደ ካውንቲው ምክር ቤት ተመልሶ በይፋ እንዲያቀርብ ሊገደድ ይገባዋል። በገዛ ጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ «ቦርዱ ይህን አደጋ ያውቃል፣ እኛም ልንከፍልበት አልፈለግንም» ማለት ያለበት ሰው ያንን ወረቀት ሳያነብ አይፈርምም።

ሌሎች ከተሞች ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ በአጭሩ ብቻ ልጥቀሳቸው። በሎስ አንጀለስ አምስቱም የካውንቲው ሱፐርቫይዘሮች በቦርዱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከንቲባውና እርሳቸው የሚሾሟቸው ሦስት ሰዎችም እንዲሁ። በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ያለው ባርት ዘጠኝ ዳይሬክተሮቹን ሕዝቡ ለዚያው ሥራ ብቻ በቀጥታ ይመርጣል፤ ወንበሩ አንድ ይሆናል፣ ገንዘብ የሚመድበው ምክር ቤት ግን ከወንበሩ ይርቃል። በለንደን ነገሩ ሁሉ ወደ ከንቲባው ይሰበሰባል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ምሥራቃዊው መስመር አያት ላይ፣ ደቡባዊው ቃሊቲ ላይ ቆመ። ከአያት ቀጥሎ ለገጣፎ ነው፣ ከቃሊቲ ቀጥሎ ገላን። ዛሬ ሁለቱም በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ሐዲዱ ቆሟል፤ ሰውየው ግን አልቆመም፤ በታክሲና በአውቶቡስ ወሰኑን ጠዋትና ማታ ይሻገራል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ከአዲስ አበባ በኦሮሚያ መሐል መገኘት የሚነሡ የጋራ አስተዳደራዊ ጉዳዮች መኖራቸውን ይጠቅሳል፤ ዝርዝሩንም ለሕግ ይተወዋል። የመንገደኛው ጉዳይ ከእነዚህ የጋራ ጉዳዮች አንዱ ካልሆነ የትኛው እንደሚሆን አላውቅም።

እስቲ ይህን አስቡልኝ። የጋራ የትራንስፖርት ቦርድ ቢቋቋም ከለገጣፎ የሚመጣው ሰው ማን ይሆናል? በወረዳው ነዋሪ የሚታወቅ ሰው ወይስ ከቢሮ የተላከ የሥራ ኃላፊ? ድርሻውን የሚከፍለው ከከተማው ካዝና ነው ወይስ ከክልሉ? በስብሰባው ላይ የሰማውንስ ተመልሶ የሚነግረው ለየትኛው ምክር ቤት ነው? በሚቀጥለው ሳምንት በሴሚናር የምንነጋገረው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ የዋሽንግተኑን ስምምነት አንብባችሁ ኑ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።