ከአሲዱ በፊት ውኃው
(በፀዳ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ የውኃ ቧንቧ ነው። በአንድ ቤተ ሙከራ ስንሠራ በጓደኛችን እጅ ላይ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ፈሰሰ። ሮጠን ቧንቧውን ብንከፍተው ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። ውኃ በጀሪካን እስኪመጣ የጠበቅነው ጊዜ አጭር ነበር፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ አለ። ጥፋቱን በሌላ ሰው አናላክክም፤ አሲዱን ከመክፈታችን በፊት ቧንቧውን ያልሞከርነው እኛው ነን።

ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ከመቶው 98 እጅ ያህሉ አሲድ ነው፤ አንዱ ሊትር 1.84 ኪሎ ይመዝናል። ከውኃ ሲገናኝ እጅግ ይግላል። ውኃ በላዩ ቢፈስበት ቀላሉ ውኃ ከላይ ሆኖ ወዲያው ይፈላና አሲዱን ወደ ፊታችን ይረጨዋል። ስለዚህ አሲዱን ጥቂት በጥቂት ወደ ውኃው እንጨምራለን እንጂ ውኃውን ወደ አሲዱ አናፈስም። ይህን ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል። «ውኃው አለ ወይ?» የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀንም።

አሲድ ዓይን ቢገባ ሳያቋርጡ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። በደቂቃ 1.5 ሊትር ቢፈስ 22.5 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ሰው ዓይን እንኳ አይበቃም።

ሌላም አለ። አሲድና ውኃ በመልክ አይለዩም። የተረፈ አሲድ በባዶ ሃይላንድ ማስቀመጥ ለተጠማ ወንድም ወጥመድ መዘርጋት ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን የበቀለው በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የተቋቋመው በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ሲሆን፥ ጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በማሠልጠን በሽታን አስቀድሞ መከላከልን አስተማረ። የዚያ ቤት ልጆች በገዛ ቤተ ሙከራችን መከላከልን ብንረሳ ያሳፍረናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፥ አሲድ ከመከፈቱ በፊት ቧንቧው ይሞከር፤ ከደረቀ ሙከራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ሁለተኛ፥ በየክፍሉ ክዳንና ቧንቧ ያለው፥ ንጹሕ ውኃ የሞላ በርሜል ይቀመጥ፤ ውኃውን በየሳምንቱ ለመቀየር እኛ ተማሪዎች ተራ እንገባለን። ሦስተኛ፥ ስምና ቀን ያልተጻፈበት ዕቃ በጠረጴዛችን ላይ አይገኝ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የኛ ቅጠል ውኃ ነው፤ ቀድሞ ይቀመጥ።